ቧንቧ ዓሣ፦ አባት የሚያረግዝበት የቀይ ባሕር ዓሣ



በዚህ እትም የሳይንስ ገጻችን ስለ አንድ ትንሽ የባሕር ዓሣ እንማራለን። ዓሣው ረዘመ ቢባል 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ከአዲስ የቢክ ስክሪፕቶ ያጠረ ማለት ነው። ውፍረቱም ከስክሪፕቶ አይበልጥም። ለወጥ አይሆንም፤ ዓሣ ገበያ ላይም አታገኙትም። ታዲያ ለምን እንማረዋለን ቢባል፣ በሳይንስ መጽሐፋችን ስለ ዓሣ የተጻፈውን ግማሹን የማይቀበል ዓሣ ስለሆነ ነው። መጽሐፉ ዓሣ ገላው በቅርፊት የተሸፈነ ነው ይላል፤ ይህኛው ቅርፊት የለውም። ዓሣ ጅራቱን እያወዛወዘ ይዋኛል ይላል፤ ይህኛው በጀርባው ክንፍ ነው የሚሄደው። ጥርስም ጨጓራም የለውም። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ የሚያረግዘው ወንዱ መሆኑ ነው።

ወላጆችም ጽሑፉን ለታናናሾቹ እያነበባችሁ ብታስረዷቸው ጥሩ ነው። ከበድ ያለ ቃል ሲመጣ ትርጉሙን እዚያው አስገብተናል።

ስሙና የታወቀበት ታሪክ

ዓሣው በእንግሊዝኛ ፓይፕፊሽ ይባላል። ፓይፕ ማለት ቧንቧ፣ ፊሽ ማለት ዓሣ ነው። አማርኛችን ያደገው በደጋና በወይና ደጋ በመሆኑ ለባሕር ፍጥረታት ስም ያጥረዋል፤ ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ቃል በቃል ተርጉመን ቧንቧ ዓሣ እንለዋለን። በዚህ ስም የሚጠሩት ዓሣዎች ከ200 በላይ ዝርያዎች ናቸው። እኛ የምንማረው ከእነርሱ አንዱን፣ የሳይንስ ሰዎች ኮሪቶይክቲስ ፍላቮፋሺያተስ የሚሉትን ነው። ስሙ ምላስ ያስራል፤ ሲፈታ ግን ቀላል ነው። የመጀመሪያው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን የራስ ቁር የደፋ ዓሣ እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው ከላቲን የመጣ ሲሆን ባለ ቢጫ መቀነት ማለት ነው። እውነትም ገላው ነጣ ያለ ሆኖ፣ እንደ መረብ በተጠላለፉ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮችና በቢጫ መቀነቶች የተዥጎረጎረ ነው።

ይህን ዓሣ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ገልጾ ስም ያወጣለት ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የጀርመን አገር የፍራንክፈርት ሰው ነው። ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በምጽዋ በኩል ገብቶ፣ የስሜንን ተራሮች አቋርጦ ጎንደር ድረስ ዘልቆ ነበር። አገሩ ከተመለሰ በኋላ ከ1835 ጀምሮ በየክፍሉ እየከፋፈለ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የአቢሲኒያ እንስሳት ወገን የሆኑ አዲስ ደንደሴዎች» የሚል ነው። ደንደሴ ማለት አከርካሪ ያለው እንስሳ ነው። ዋልያ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት በዚሁ መጽሐፍ ነው። በ1838 በወጣው፣ የቀይ ባሕርን ዓሣዎች በሚመለከተው ክፍል ውስጥ ደግሞ የእኛ ቧንቧ ዓሣ ይገኛል። እንግዲህ ዋልያና ቧንቧ ዓሣ የአንድ መጽሐፍ ልጆች ናቸው። ዋልያ የብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን መጠሪያ እስከ መሆን ሲደርስ ወንድሙን የሚያውቀው ሰው ግን የለም ማለት ይቻላል።

ዓሣ ነው ወይስ እባብ?

በባሕር ውስጥ ድንገት ያየው ሰው እባብ ነው ወይም ትል ነው ቢል አይፈረድበትም። ቀጭንና ረዥም ነው፤ በአሸዋው ላይ እየተጣጠፈ ይሄዳል። ይሁን እንጂ በሳይንስ አንድን እንስሳ የምንመድበው በመልኩ ሳይሆን በአካሉ አሠራር ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንመርምር።

ትል አከርካሪ የለውም፤ ቧንቧ ዓሣ አለው። ስለዚህ ትል አይደለም። እባብ በሳንባ ስለሚተነፍስ፣ በባሕር የሚኖረው እባብ እንኳ አየር ለመሳብ ወደ ውሃው ገጽ ብቅ ማለት አለበት። ቧንቧ ዓሣ ግን ብቅ ማለት አያስፈልገውም፤ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጂን በስንጥቡ ይወስዳል። ከዚህም በላይ ክንፎች አሉት። አንድ በጀርባው፣ ከራሱ ኋላ በግራና በቀኝ ሁለት ትናንሽ፣ በጅራቱ ጫፍም እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ አንድ ክንፍ ይታያል። አከርካሪ፣ ስንጥብና ክንፍ ካለው ዓሣ ነው ማለት ነው።

ዓሣነቱ ይህን ያህል ከተረጋገጠ፣ ከሌሎች ዓሣዎች የሚለይበትን ደግሞ እንይ። የብዙዎቹ ዓሣዎች ስንጥብ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ነው፤ የእርሱ ግን እንደ አበባ እቅፍ ተሰብስቦ የታሰረ ይመስላል። ሌሎች ዓሣዎች ከሆዳቸው በታች ያላቸው ጥንድ ክንፍ እርሱ ዘንድ የለም። በዚህ ረገድ በ2016 የወጣ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎች የባሕር ፈረስን የዘር መረጃ ሙሉ በሙሉ ሲያነቡ፣ የሆድ ክንፍ እንዲበቅል የሚያዝዘው የዘር ቅንጣት ከነጭራሹ ጠፍቶ አገኙት። ያንኑ ቅንጣት ከአንድ ሌላ ዓሣ ላይ ሆን ብለው ሲያጠፉበትም የሆድ ክንፍ የሌለው ዓሣ ተወለደ።

የባሕር ፈረስን እዚህ ላይ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቧንቧ ዓሣ የቅርብ ዘመድ ነውና። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የባሕር ፈረስ ማለት አንገቱን ቀልብሶ ቀጥ ብሎ የቆመ ቧንቧ ዓሣ ነው ብትሉ ብዙ አትሳሳቱም።

የሚኖርበት ስፍራ

ቧንቧ ዓሣችን የሚኖረው በቀይ ባሕርና በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ ጥልቀት በሌለው የኮራል ስፍራ ነው። ከጥቂት ሜትር እስከ 25 ሜትር ድረስ ባለው ጥልቀት ይገኛል። ኮራል የሚለውን ቃል ግን ሳናብራራ ማለፍ አንችልም፤ የዚህ ዓሣ ነገር ሁሉ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው።

ኮራል (መርጃንም ይባላል) ድንጋይ ይመስላል፤ ነገር ግን እንስሳ ነው። አንዱ ኮራል ብቻውን ሲታይ እንደ ትንሽ ከረጢት ሆኖ፣ በአፉ ዙሪያ ጣት መሰል ነገሮች አሉት። ከባሕሩ ውሃ ኖራ እየወሰደ ከሥሩ ጠንካራ መቀመጫ ይሠራል። እልፍ አእላፋት ኮራሎች ጎን ለጎን እየሠሩ፣ አሮጌው ሲሞት አዲሱ በላዩ እየገነባ፣ በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ከባሕር ሥር የድንጋይ ከተማ ይቆማል። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ጠጣሩ ዓይነት ኮራል በዓመት የሚያድገው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከወላጆቻችን መካከል ምጽዋን ወይም የኬንያዋን ላሙን ያያችሁ ብትኖሩ ኮራልን አይታችኋል፤ የሁለቱም ከተሞች አሮጌ ቤቶች የተሠሩት ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ነው።

ኮራል ብቻውን አይኖርም። በገላው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይዟል። እነዚህ እንደ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ለኮራሉ ያካፍሉታል፤ እርሱም መጠለያ ይሰጣቸዋል። አልጌው ብርሃን ስለሚሻ ኮራል የሚያድገው ውሃው ጥርት ባለበት ስፍራ ነው። ደለል ያፍነዋል።

አሁን ካርታ አውጥታችሁ ቀይ ባሕርን ተመልከቱ። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ አይገባበትም። የኢትዮጵያ ደጋ ውሃና አፈር በብዛት የሚወርደው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው፤ ዐባይ ወደ ሜዲትራኒያን ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ቆላ ሐይቆች ውስጥ ይቀራል። ከዚህም የተነሣ ቀይ ባሕር ጥርት ያለና ጨዋማ ነው። አንድ ኪሎ ግራም የውቅያኖስ ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ሲኖረው የቀይ ባሕር ውሃ ወደ 40 ግራም ይጠጋል። በአንጻሩ በኬንያ ከናይሮቢ አካባቢ የሚነሣው የአቲ ወንዝ ታች ሲደርስ ሳባኪ ተብሎ፣ ከማሊንዲ ከተማ በስተሰሜን ቀይ አፈር ይዞ ባሕር ይገባል። በዝናብ ወራት የማሊንዲ ኮራል የሚቸገረው በዚህ ደለል ነው። ከተራራ ላይ የታጠበ አፈር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለን የባሕር እንስሳ ይጎዳል ማለት ነው። ይህን ነገር የጂኦግራፊ መምህራችሁም ቢያስተምራችሁ ደስ ይለኛል።

በዚህ የድንጋይ ከተማ ውስጥ ትልልቆቹ ዓሣዎች አደባባዩን ሲይዙ ቧንቧ ዓሣ የሚኖረው በጓሮ ነው። የተሰባበረ የኮራል ስባሪ ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ በተኛበት፣ በላዩም ስስ አልጌ እንደ ምንጣፍ በተነጠፈበት ስፍራ ይውላል። ከፍ ብሎ አይዋኝም። ገላውን መሬት አስነክቶ፣ ራሱን ብቻ ቀና አድርጎ፣ በስባሪው መካከል ቀስ እያለ ያዘግማል። ካደገ በኋላ ከአንዲት ትንሽ ክልል እምብዛም አይወጣም፤ ዛሬ ካያችሁበት ድንጋይ አጠገብ ነገም ልታገኙት ትችላላችሁ።

አካሉና አካሄዱ

ገላውን የሸፈነው ቅርፊት ሳይሆን የአጥንት ሰሌዳ ነው። ሰሌዳዎቹ ቀለበት እየሆኑ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ከ40 በላይ ሆነው ተደርድረዋል። ይህ እንደ ጥንት ወታደር ጥሩር ነው፤ ለሚውጠው ትልቅ ዓሣ ሻካራና የማይጣፍጥ ያደርገዋል። ዋጋው ግን ውድ ነው። ጥሩር የለበሰ ሰው እንደ ልቡ መሮጥ እንደማይችል ሁሉ፣ ቧንቧ ዓሣም እንደ ሌሎቹ ዓሣዎች ገላውን በኃይል አወዛውዞ ሊወረወር አይችልም። የሚንቀሳቀሰው የጀርባ ክንፉን በፍጥነት እያርገበገበ ነው፤ ክንፉ ስስ ስለሆነ ሲርገበገብ አይታይም፤ ዓሣው ማንም ሳይገፋው የሚንሸራተት ይመስላል። ስለዚህ ከጠላት የሚያመልጠው በሩጫ ሳይሆን በመመሳሰል ነው። ዝም ካለ ከአልጌ ቁራጭ ወይም ከኮራል ስባሪ አይለይም።

ዓይኖቹም ይደንቃሉ። እንደ እስስት ዓይን አንዱ ወደ ፊት ሲያይ ሌላው ወደ ኋላ ሊያይ ይችላል። አንዱ ምግብ ሲፈልግ ሌላው ዘብ ይቆማል ማለት ነው።

አመጋገቡ

አፉ በረዥም ቧንቧ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ናት፤ ስሙንም ያገኘው ከዚህ ነው። ምግቡ የሸርጣን ዘመዶች የሆኑ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጡ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። ጥርስ ስለሌለው አያኝክም፤ ጨጓራ ስለሌለው አያጠራቅምም። በመሆኑም ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ መብላት አለበት።

አያያዙ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይጠጋል። ሲደርስባት ራሱን ባንዴ ሽቅብ ይወረውራል፤ በዚያችው ቅጽበት የአፉን ዋሻ ያሰፋል፤ ውሃው ከእንስሳዋ ጋር ወደ ቧንቧው ይገባል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከአንድ መቶኛ ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ነው። ጡንቻ ብቻውን ይህን ያህል አይፈጥንም። ዓሣው አስቀድሞ ጅማቶቹን እንደ ወንጭፍ ላስቲክ ይወጥራቸዋል፤ ከዚያ ድንገት ይለቃቸዋል። ወንጭፍ የያዘ ልጅ የድንጋዩን ፍጥነት ከክንዱ ሳይሆን ከላስቲኩ እንደሚያገኘው ማለት ነው።

ለምን መጠጋት እንዳለበት በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ንጹሕ የሚጠጣ ውሃ በኩባያ አድርጉና ጥቂት የሻይ ቅጠል ጣሉበት። ቀለሙ ያለቀ የስክሪፕቶ ቀፎ ወስዳችሁ ሁለቱንም ጫፍ ክፈቱ፤ በሳሙና በደንብ እጠቡ። በቀፎው ጎን ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በጣታችሁ ድፈኑ። አሁን የቀፎውን ጫፍ ከአንዲት ቅጠል ሁለት ጣት አርቃችሁ አጠር ባለ ትንፋሽ ሳቡ። ቅጠሏ እምብዛም አትነቃነቅም። ጫፉን አስጠግታችሁ ድንገት ሳቡ፤ ዘልላ ትገባለች። ወደ አፋችሁ ሳትደርስ መሳቡን አቁሙ። ቀጭን ቧንቧ በኃይል ይስባል፤ ግን ከቅርብ ብቻ ነው። ዘገምተኛና ከአካባቢው ጋር ተመሳሳይ የሆነ አዳኝ ካልሆነ በቀር ይህ መሣሪያ ምንም አይፈይድለትም ነበር።

የአባት እርግዝና

በዚህ ቤተሰብ፣ ማለትም በቧንቧ ዓሣዎችና በባሕር ፈረሶች ዘንድ፣ ፅንስ የሚሸከመው ወንዱ ነው። አሸካከሙ ግን ይለያያል። የባሕር ፈረስ ወንድ እንደ ከረጢት የተዘጋ ኪስ አለው። አንዳንድ ቧንቧ ዓሣዎች ደግሞ እንቁላሉን ሆዳቸው ላይ ለጥፈው ብቻ ይዞራሉ። የእኛው በሁለቱ መካከል ነው፤ ከጅራቱ ሥር፣ ሆዱ በሚያልቅበት ቦታ፣ እንቁላሎቹ የሚታቀፉበት ለስላሳ ቆዳ አለው።

ሴቷና ወንዱ ጎን ለጎን ሆነው ከመሬት ጥቂት ከፍ ይሉና ገላቸውን ያጋጥማሉ። ሴቷ እንቁላሎቿን በወንዱ ማቀፊያ ላይ ታስቀምጣለች። እርሱም የዘር ሕዋሱን ለቅቆ እዚያው ያዳብራቸዋል። ከዚያ በኋላ ሴቷ ትሄዳለች፤ ሸክሙ የእርሱ ነው። የአባትየው የደም ሥሮች ከእንቁላሎቹ አጠገብ ስለሚያልፉ ኦክስጂን ይደርሳቸዋል። ሁለት ሳምንት ገደማ ይሸከማቸዋል፤ ውሃው ሞቅ ሲል ጊዜው ያጥራል፤ ሲቀዘቅዝ ይረዝማል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ «ካረገዘማ ሴት ነው እንጂ ወንድ እንዴት ይባላል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም በደንብ ያዙት። በሥነ ሕይወት ወንድና ሴት የሚለዩት በጉልበት፣ በቀንድ፣ በጎፈር ወይም በማርገዝ አይደለም። የሚለዩት በዘር ሕዋሳቸው መጠን ነው። ትልቅና ስንቅ የያዘ የዘር ሕዋስ፣ ማለትም እንቁላል፣ የሚያዘጋጀው ሴት ነው። ጥቃቅንና ተንቀሳቃሽ የዘር ሕዋስ የሚያዘጋጀው ወንድ ነው። ቧንቧ ዓሣ ዘንድ እንቁላሉን የሠራችው ሴቷ ናት፤ ወንዱ የተቀበለው ነው። ልጅን ማሳደግ የማን ሥራ ነው የሚለው ግን በየዝርያው ይለያያል። ሩቅ ሳንሄድ ሰጎንን እንውሰድ፤ ማታ ማታ እንቁላሉን የሚታቀፈው ጥቁሩ ወንድ ነው።

ይህ አሠራር ለዓሣዎቹ ምን ይጠቅማል? እንቁላል በባሕር መሬት ላይ ቢተው በአንዲት ሌሊት ይበላል። ጥሩር በለበሰ አባት ላይ ከሆነ ግን ይጠበቃል። ወንዱ ሲሸከም ሴቷ ቀጣዮቹን እንቁላሎች ታዘጋጃለች፤ የፊተኞቹ ሲወጡ የኋለኞቹ ይተካሉ።

ይሁን እንጂ አባትየውን እንደ ቅዱስ ማየት አይገባም። በሌላ የቧንቧ ዓሣ ዝርያ ላይ ተደርጎ በ2010 የታተመ ጥናት፣ ወንዱ ከትልቅ ሴት የተቀበላቸውን ፅንሶች ከትንሽ ሴት ከተቀበላቸው በተሻለ ሁኔታ እንደሚያደርስ አሳይቷል። ደግሞም አንዱን ዙር በደንብ ካሳደገ ለሚቀጥለው ዙር የሚሰጠው እንክብካቤ ይቀንሳል። ጉልበቱ ውሱን ነው፤ ይቆጥባታል።

የሴትና የወንዱ ግንኙነትም የሚያስደንቅ ነው። ማትሱሞቶና ያናጊሳዋ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በአገራቸው ጠረፍ የሚኖር የእኛን ዓሣ የቅርብ ዘመድ እየጠለቁ ሲከታተሉ ቆይተው ውጤቱን በ2001 አሳተሙ። በዚያ ዝርያ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተጣምረው ይኖራሉ። በየማለዳው ይፈላለጋሉ፤ ሲገናኙ ጎን ለጎን ሆነው ጥቂት ይዋኛሉ፤ ከዚያ ተለያይተው ምግባቸውን ይፈልጋሉ። ተመራማሪዎቹ ይህን «ሰላምታ» ብለውታል። እንደ እኛ «እንደምን አደርሽ፣ ቤተሰቡስ፣ ከብቱስ» እያለ የሚረዝም ባይሆንም በየቀኑ የሚደረግ ነው። በሰላምታው አንዱ ሌላው በሕይወት መኖሩንና ለመራባት መድረስ አለመድረሱን የሚያውቅበት ይመስላል። ጓደኛ ለማግኘት አብልጠው የሚሽኮረመሙትና የሚደክሙትም በዚህ ዝርያ ወንዶቹ ሳይሆኑ ሴቶቹ ናቸው።

ፅንሶቹ ሲደርሱ ከአባታቸው ገላ ወጥተው ወደ ላይ፣ ወደ ክፍቱ ውሃ ይሄዳሉ። እዚያም ፕላንክተን ከሚባሉት፣ ባሕር ከሚያንሳፍፋቸው ደቃቅ ፍጥረታት ጋር ይንሳፈፋሉ። አባት ከዚህ በኋላ አይከተላቸውም። አብዛኞቹ ይበላሉ። የተረፉት ጥቂቶች አደግ ሲሉ ወደ ኮራል ስባሪ ይወርዳሉ። በሕይወታቸው ረዥም መንገድ የሚሄዱት በዚህ በሕፃንነታቸው ነው፤ እርሱም በራሳቸው ኃይል ሳይሆን በባሕሩ ሞገድ ነው።

ኮራሉ ሲነጣ

የባሕሩ ውሃ ከተለመደው የበጋ ሙቀት በላይ አንድ ዲግሪ ያህል ጨምሮ ለሳምንታት ሲቆይ፣ ኮራሉ በውስጡ ያሉትን አልጌዎች ያስወጣል። ቀለሙ የአልጌዎቹ ስለነበር ነጭ ይሆናል። ይህ መንጣት ይባላል። ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ ኮራሉ ሊያገግም ይችላል፤ ካልሆነ በረሃብ ይሞታል። በ1998 በሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ታላቅ መንጣት ሆነ፤ በኬንያ ጠረፍ በብዙ ስፍራ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሕያው ኮራል ጠፋ። በ2016ም ተደግሟል። በ2023 የጀመረው ደግሞ በዓለም ዙሪያ የታየ አራተኛው የመንጣት ዘመን ተብሏል። በቀይ ባሕር በስተሰሜን፣ በአቃባ አካባቢ ያለው ኮራል ሙቀትን ከሌላው ይበልጥ እንደሚችል በጥናት ታውቋል፤ በመካከለኛውና በደቡባዊው ክፍል ያለው ግን ነጥቶ ያውቃል።

ቧንቧ ዓሣ ኮራል አይበላም፤ የሚኖረውም በስባሪው መካከል ነው። ታዲያ ምን ቸገረው? መጀመሪያ ላይ ብዙም አይቸገርም። የሞተ ኮራል ለጥቂት ዓመታት ቅርጹን ይዞ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ግን ማዕበል ይሰባብረዋል። የሚተካው ሕያው ኮራል ከሌለ ስባሪው እየደቀቀ ሄዶ መጠለያነቱ ይቀራል፤ በቀዳዳው ይኖሩ የነበሩት ጥቃቅን እንስሳትም ይቀንሳሉ። ሌላ ዓሣ ቢሆን ወደሚቀጥለው ሪፍ ዋኝቶ ይሻገር ነበር። ይህኛው ጥሩሩን ለብሶ፣ በአንዲት ክንፍ እያርገበገበ፣ ጥልቁን ባሕር አይሻገርም። ከአንድ ስፍራ ከጠፋ የሚመለሰው ከሌላ ስፍራ የተነሡ ሕፃናት በሞገድ ተወስደው እዚያ ከደረሱ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሌላው ስፍራ ደኅና መሆን አለበት። የባሕር ጥበቃ ክልሎች የሚያስፈልጉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ከቀደሙት መካከል በ1968 የተከለሉት የኬንያዎቹ ማሊንዲና ዋታሙ ይገኛሉ።

ማጋነን እንዳይሆን ይህንንም እንጨምር፤ ይህ ዝርያ ዛሬ ሊጠፉ ከተቃረቡት ተርታ የተመደበ አይደለም። ዘመዱ የባሕር ፈረስ ግን ደርቆ ለባህል መድኃኒት ስለሚሸጥ፣ ከ2004 ጀምሮ የአገር ለአገር ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። ቧንቧ ዓሣዎች በዚያ ውሳኔ ውስጥ አልገቡም፤ ትልልቆቹ ዝርያዎች እንደ ባሕር ፈረስ ደርቀው ይሸጣሉ።

ጥያቄዎች

1. ቧንቧ ዓሣ እባብ አለመሆኑን የሚያሳዩ ሁለት የአካል ክፍሎችን ጥቀሱ።

2. አንዲት ሴት ቧንቧ ዓሣ ሳታረግዝ ሴት የምትባለው ለምንድን ነው? በራሳችሁ አነጋገር ጻፉ እንጂ ከጽሑፉ አትገልብጡ።

3. ደለል ኮራልን እንዴት ይጎዳል? በመልሳችሁ ውስጥ «ብርሃን» እና «አልጌ» የሚሉት ቃላት ይግቡ።

4. በመሬት ላይ 12 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ ዓሣውን በትክክለኛ መጠኑ ሣሉ። የጀርባ ክንፉን፣ አፉንና የወንዱን ማቀፊያ በቦታቸው አመልክቱ። ታናናሽ ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁ ምን እንደሆነ ሲጠይቋችሁ መልሳችሁ አስተምሯቸው።

5. (ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል) ቧንቧ ዓሣ ፈጣን ዋናተኛ ቢሆን ኖሮ፣ የአካሉ መልክ፣ አመጋገቡና እንቁላል አጠባበቁ ምን ይለወጥ ነበር? ከወላጆቻችሁ ጋር ተወያይታችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ።